ሸቤ ላይ የቆመችው መኪና

ጅማ ውስጥ አሁን አሁን ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። ቤንዚን አይጠጡም፤ ቤት ገብተው እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋሉ። በቅርቡ አንድ ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ መኪናውን ግቢ አቁሟት ሐጅ ደርሶ ሲመለስ በሯ አልከፈት አለው። "ጋሽ በቀለ፣ ሞተር የሌላት መኪና ደግሞ ምን ሆና ነው እምቢ የምትለው?" ብሎ አስጠራኝ። በመጠባበቂያው ቁልፍ ከፍተን አየኋት። የምትሄድበት ትልቁ ባትሪ ደህና ነው። በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ባትሪ ግን፣ ያው የድሮው እርሳስና አሲድ፣ ቆሞ ቆሞ አልቋል። ቻርጅ አድርጌ አስነሳሁለት። እሱ እየሳቀ "አላህ ይጨምርልዎት" ሲል እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ቤቴ ተመልሼ ቁጭ ስል ሆዴ ውስጥ የኖረው ነገር ሁሉ ተነሳ። ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ስለምትሄደው ነው የሚያወራው። እኔ የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት በቆሙት ነው።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ዋናው ቢሮ ጅማ ሆኖ በቡና አገሩ ሁሉ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሊሙ ገነት፣ ሸቤ፣ ደዶ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንዳንድ መኪና አለው። ቡና ሲደርስ መኪኖቹ ዕረፍት አያውቁም፤ ቡናው ካለፈ በኋላ ግን መጋዘን ጥላ ሥር ቆመው ዝናብ ያያሉ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባትሪ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲቀመጥም ያልቃል። አልቆ ሳይሞላ ከቆየ ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ነጭ ነገር ይለብሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ብትሞላውም አይይዝልህም።

ይህን ያስተማረኝ ጋሽ ነዚፍ ነው። የሸቤ ልጅ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ጣቶቹ ወፍራም፣ ነጭ ኮፍያው ከራሱ የማይወርድ። እኔ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ የመጣ ጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ ጋራዡ ስገባ ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነበር። ከጋሽ ነዚፍ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል "ሱታ" ነው፤ ቀስ በል ማለት ነው። ቁልፍ ስታነሳ ሱታ፣ ሽቦ ስትፈታ ሱታ፣ ሾፌር ሲጮህብህም ሱታ።

እንደሌሎቹ "መኪናዋ ምን ሆነች?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። የሱ ጥያቄ "መጨረሻ የሄደችው የት ነው?" ነበር። ሾፌሩ "ገበያ ድረስ" ካለው ራሱን ይነቀንቃል። "ዳገት ወጥታለች?" ይላል ቀጥሎ። ኮፈኑን ሳይከፍት ሰዓቱንና ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ብረት ያሰረ እጅ ባትሪ አይነካም ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተው ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ነው፤ ጥፋቱን ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ ላይ ይፈልጋል። ምንም ካልሸተተው የባትሪውን ራስ የከበበውን ነጭና አረንጓዴ ጨው ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ግሪስ ይቀባል። ሲፈታ ሁልጊዜ ነጋቲቩን አስቀድሞ፣ ሲያስር ነጋቲቩን አስከትሎ። አንድ ቀን ተቻኩዬ ፖዘቲቩን አስቀድሜ ስፈታ አየኝና ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ "ዛሬ አንተ ሻይ አምጣ" አለኝ። በቃ። ቀኑን ሙሉ ሻይ አመጣሁ።

አብረን ብዙ አገር ዞረናል። የሊሙ ገነቷን መኪና ግን አልረሳትም። አዲስ ባትሪ እናስርላታለን፤ ሳምንት ሳይሞላ "አልነሳ አለች" ተብሎ ይደወላል። ሾፌሩ ባትሪው ፎርጅድ ነው ይላል፣ ንብረት ክፍሉ ሾፌሩ ባትሪ ይለውጣል ይላል፤ ሊካሰሱ ደርሰው ነበር። ጋሽ ነዚፍ ሄደ፣ እኔም ተከትዬ። ነጋቲቩን ፈትቶ በገመዱና በባትሪው መሃል ትንሽ አምፖል አሰረ። ቁልፉ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው አምፖሏ ቦግ አለች። "አየህ? ቆማም የሚጠጣ አለ" አለኝ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አምፖሏን ያያል። አንደኛውን ሲነቅል ጠፋች፤ የውስጥ መብራት መስመር ነው። ግን መብራቱ ጠፍቶ ነው የሚታየው፣ ቀን ነዋ።

"ብርድ ልብስ አምጡ" አለ።

ከዘበኛው ቤት ብርድ ልብስ መጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ ተከናነበ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል። "ሰውዬውን ወባ ያዛቸው?" አለ አንዱ። ጋሽ ነዚፍ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና ወደ ኋላ በር ሄደ። በሩ ሲዘጋ መብራቱን የምታጠፋዋ ትንሽ ቁልፍ በቡና ማሳው ጭቃ ተደፍና አልገባ ብላለች። ከወንበሩ ሥር ያለች የጣት ጫፍ የምታህል መብራት ቀንና ሌሊት እየበራች ባትሪውን ስታልበው ኖራለች። በጨርቅ ጠርጎ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ ጨረሰ። ሾፌሩና የንብረት ክፍሉ ሰው የዚያን ዕለት አብረው ምሳ በሉ።

ደዶ ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የደዶው ዘበኛ ሽማግሌና ታማኝ ሰው ናቸው፤ መኪናዋን በየጠዋቱ አስነስተው ትንሽ አሙቀው ያጠፏታል። ባትሪው ሞተ። "ልጄን እንዲህ አልተንከባከብኩም" ብለው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ነዚፍ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በኦሮምኛ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲቀሰቅስ ከባትሪው በእንስራ ይቀዳል፤ መኪናዋ ቆማ ስታጉረመርም ዲናሞው የሚመልሰው በስኒ ነው። በየቀኑ እንስራ ቀድተህ ስኒ ብትመልስ ጋኑ ያልቃል። "ወይ መንገድ ትውጣ፣ ደህና አድርጋ ትሂድ፣ ዳገት ትውጣ። ወይ ነጋቲቩን ፈትታችሁ ተዋት፤ በሰላም ትተኛ። መሃል ቤት አይሆንም" አላቸው። ሽማግሌው እጁን ስመው ለቀቁት።

ከዚያ ነው ዙሩን የጀመርነው። ማንም ሳያዘን ጋሽ ነዚፍ ኃላፊውን ለምኖ ፈቃድ አገኘና ተራ በተራ ወደ ቅርንጫፎቹ እየሄድን የቆሙትን መኪኖች መንገድ እናወጣ ጀመር። አሲዱን እንለካለን፣ ውሃ የጎደለበትን የባትሪ ውሃ እንጨምራለን፣ የደከመውን ቻርጀር ላይ እናሳድራለን። የሸቤዋን ወደ ጅማ በሚያመጣው መንገድ ነድተን እንመልሳታለን። ለዓመታት አንድም መኪና አልቆመብንም። ለዚህ ማንም አላመሰገነንም፤ ያልተበላሸ ነገር አይታይማ። ያኔ አልከፋኝም ነበር። አሁን ይከፋኛል።

ጋሽ ነዚፍ ጡረታ ወጥቶ ሸቤ ገባ፤ ከአባቱ የወረሳት ትንሽ የቡና ማሳ አለችው። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ ልጁ ዘሃራ አብራው ትኖራለች። ቤቱ ከቅርንጫፍ ግቢያችን አጥር ብዙ አይርቅም። ዙሩን ብቻዬን ቀጠልኩ። ሸቤ በሄድኩ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "በቄ፣ ዳገት ወጣች?" ይለኛል። "ወጣች ጋሼ" እለዋለሁ።

ከዚያ ነዳጅ ጠፋ። ሰልፉን ያየ ያውቀዋል፤ ሚኒባስ ማደያ በር ላይ ያድራል። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ሰው ነበር፤ ስሙን ልተወው። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ነዳጁ ተቆርጦበታል፣ ከላይ በየጊዜው ይጠየቃል፤ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ጠላቱ ሆነ። ጠራኝና "ጋሽ በቀለ፣ ዙሩ ይቁም" አለኝ።

"መኪኖቹ ያልቃሉ" አልኩት።

"ቆመው ምን ይሆናሉ? ያልሄደ መኪና ምን ያልቃል?"

አስረዳሁት። ሰማኝ፤ አልሰማኝም ማለት አልችልም። "እሺ፣ ለየቅርንጫፉ አንዳንድ ቻርጀር ግዙልኝ፤ መብራት እስካለ ድረስ ነዳጅ አያስፈልገውም" አልኩት። በሚቀጥለው በጀት ይታያል አለ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ዞሬ ነጋቲቮቹን ልፍታ ብዬ ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። በሚኒባስ ዞሬ ሁሉንም ፈታሁ። የሸቤዋን ስፈታ ዘበኛው ተማም አጠገቤ ነበር። "ለመሄድ ስትፈልጉ ብቻ ይቺን እሰሩ" ብዬ አሳየሁት። የሸቤው ሾፌር ግን ጅማ ተዛውሯል፤ ቁልፉ ተማም ጋ ነው፣ የሚነዳት ሰው የለም።

ከክረምቱ በኋላ የንብረት ቆጣሪዎች ሸቤ ሄዱ። መኪናዋ ስንት እንደሄደች ለማንበብ ነጋቲቩን አሰሩ፣ ቁልፉን ከፈቱ፣ አነበቡ፣ ሄዱ። መልሰው አልፈቱም። በሩንም ገፋ አድርገው እንጂ አጥብቀው አልዘጉትም። ይህን ተማም የነገረኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። "ጋሽ በቄ፣ ቢሮ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁ መስሎኝ" አለኝ።

ሸቤ የገበያ ቀን ነበር፤ ቀትር ላይ። ጋራዡ ውስጥ ሞተሪኖ ፈትቼ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ተማም ነው።

"ጋሽ በቄ! ጋሽ ነዚፍ ወድቀዋል!"

"የት?"

"ማሳቸው ላይ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሳይፈስ አይቀርም፣ አሁኑኑ ጅማ ሆስፒታል አድርሷቸው አሉን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ይዞ ሩቅ ሄዷል። ሚኒባስ አንድም የለም፣ ሁሉም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። መኪናችንን ላስነሳ ብል ጭራሽ! መብራት እንኳ አልበራም አለች። ዘሃራ እዚህ ቆማ እየጮኸች ነው። ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ በቄ፣ ምን ላድርግ?"

ከኋላ የዘሃራ ድምፅ ይሰማኛል። ገፍታችሁ አስነሱ እንዳልል የሸቤዋ መኪና ማርሿ አውቶማቲክ ነው፤ እስከ ጅማ ብትገፋ አትነሳም። የማስነሻ ገመድ ከመቀመጫዋ ሥር እኔው አስቀምጫለሁ፤ የሚበደር ባትሪ ግን ያስፈልጋል። "ግቢው ውስጥ ምን መኪና አለ?" አልኩት። አንድ አይሱዙ አለ፤ ቡና ሊጭን መጥቶ የኋላ ጎማው ተበስቶ ወልቋል፤ ሾፌሩ ግን አለ፣ የኛዋን ሊነዳ ይችላል። አይሱዙው ለማስነሳት ይሆናል፣ ለመሄድ አይሆንም።

የአይሱዙ ባትሪ ሁለት ነው፤ አንድ ላይ ተያይዘው ኃይላቸው እጥፍ ይሆናል። የኛዋ የምትፈልገው የአንዱን ብቻ ነው። የሁለቱን ከሰጠሃት ኮምፒውተሯ ይቃጠላል።

"ተማም፣ ስማኝ፤ ሱታ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ነው የምትወስዱት። የአንዱን ፖዘቲቭና የዚያኑ የአንዱን ነጋቲቭ። ዳርና ዳር ያሉትን እንዳትነኩ።"

"እሺ፣ እሺ... ዳርና ዳር..."

"እንዳትነኩ! ተማም? ሃሎ?"

ኔትዎርኩ ሄደ። ደወልኩ፤ አይሠራም። ደወልኩ፤ አይሠራም። ሞተሪኖው ፊቴ ተፈትቶ ተቀምጧል፤ እጄ ዘይት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ያስነሳሁት በእጄ ነው፤ ያን ቀን ያለኝ አፌ ብቻ ነበር፣ እሱም ተቆረጠ። በመጨረሻ ስልኩ ሲገባ ተማም እያለቀሰ ነው። "ዳርና ዳር" የምትለዋን ቃል ሰምተው፣ "እንዳትነኩ" የምትለዋን አልሰሙም። ገመዱን ዳርና ዳር አሰሩት፤ ጭስ ወጣ፤ መኪናዋ ለአፍታ ተንቀጥቅጣ ዝም አለች።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ የቡና ነጋዴ በፒካፑ ሲያልፍ ዘሃራ መንገድ መሃል ቆማ አስቆመችው። ጋሽ ነዚፍ ጅማ ሲገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅሁት። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ቀኝ ጎኑ ግን የሱ አልነበረም። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዘሃራን ትከሻዋን ይዛ "ቀደም ብለው ቢመጡ የምናደርገው ይኖር ነበር" አለቻት። ይኖር ነበር። ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ግን ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች።

ጋሽ ነዚፍ ቤቱ ተመለሰ። አፉ አልፈታ አለው፤ ግራ እጁ ብቻ ይታዘዝለታል። ልጠይቀው ስሄድ ስለ መኪናዋ አላነሳሁበትም። አንድ ቀን ግን ራሱ በመስኮቱ ወደ ቅርንጫፉ ግቢ በጣቱ ጠቆመና ዓይኔን አየኝ። እየጠየቀኝ ነው። "ባትሪ አልቆባት ነው፣ ጋሼ" አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ዕንባው በአንድ በኩል ብቻ ወረደ።

ቢሮው ኮሚቴ አቋቋመ። ስለ ጋሽ ነዚፍ አልነበረም፤ እሱ ጡረተኛ ነው፣ የነሱ ጉዳይ አይደለም። ስለተቃጠለው ኮምፒውተር ነበር። ከሰብሳቢው ጋር ለዓመታት አብረን ሠርተናል፤ ሊያድነኝ ፈልጓል ብዬ አምናለሁ። "ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ በትክክል ነግረውታል። ተማም ከተነገረው ውጭ አድርጎ ነው ብለው ቃልዎን ይስጡ። በዚህ ይዘጋል" አለኝ።

"ተማም ምን ይሆናል?"

"እሱ ኮንትራት ነው።"

"የነገርኩትን ግማሹን ነው የሰማው። ሌላውን ኔትዎርኩ በላው።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የማን ነው እንበል?"

"መኪናዋ ለምን አልነሳ አለች ብላችሁ ከዚያ ጀምሩ" አልኩ። "ዙሩ ለምን ቆመ? ቻርጀሩ የት አለ? ነጋቲቩን ማን አሰረው?"

"ይህ ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ነው" አለ ሌላው፣ ወረቀቱን እያስተካከለ።

ተማም ላይ አልመሰከርኩም። ስለዚህ "ከሥራ ቦታው ሳይገኝ በስልክ ትእዛዝ በመስጠት" ተብሎ ጥፋቱ እኔ ላይ ወደቀ። ከጋራዥ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ፤ እስከ ጡረታዬ ብሎንና ጎማ ስቆጥር ኖርኩ። ተማምንም አልማሩትም፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ አላደሱለትም። አሁን ሸቤ ገበያ ውስጥ ጫማ ይጠግናል። የኔ እምቢታ እሱን ካላዳነ ምን ጠቀመ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ግን እንደገና ቢጠይቁኝም ያንኑ ነው የምላቸው።

ለመኪናዋ አዲስ ኮምፒውተር ተገዛላት። ለሱ በጀት ተገኘ።

ጋሽ ነዚፍ የሞተው የቡና አበባ በወጣበት ሰሞን ነው። ዘሃራ ደወለችልኝና "ኢናሊላሂ" ብላ ስልኩን ዘጋች። ፈቃድ ሳልጠይቅ ከግምጃ ቤቱ ወጣሁ፤ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ከመቅበሪያው ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የመኪና ጡሩምባ ድምፅ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊዎቹ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል፤ የመጡት በዚያችው በሸቤዋ መኪና ነው። ታጥባ ታብለጨልጫለች። ለዚህ ቀን ተብሎ ከጅማ ሾፌር ተልኮላት፣ ነዳጅ ተሞልቶላታል።

ሰውዬው ዘሃራን አጽናና፤ አባትሽ ለመሥሪያ ቤታችን ባለውለታ ነበሩ አለ። የምሩን ይመስለኛል። ሲወጣ እኔን አየኝና "ጋሽ በቀለ፣ ወደ ጅማ ከሆኑ ይግቡ፤ ቦታ አለ" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ በሚኒባስ እመለሳለሁ" አልኩት።

ገቡ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ገና ሳይጨርሰው ተነሳች፤ ለስላሳ፣ ምንም ያልነካት። ዘሃራ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ድንኳኑ አፍ ላይ ከጎኔ ቆማ ነበር። አቧራው እስኪበርድ ድረስ መንገዱን አየች።

"ዛሬ ተነሳች" አለችኝ።